ስሙ ያልተጠየቀው እንግዳ

«ስም ከሌለው ወደ ጉድጓዱ ነው፤ ሌላ ምን ይደረጋል?»

እንዲህ ያለው የቀበሌው ዘብ ጥሩሰው ነው። ለብርቅዬ ብሎም አልነበረም። ከአጥሩ ውጭ ጠመንጃውን እንደ በትር ተመርኩዞ ከባልደረባው ጋር ሲያወራ ነው። የብርቅዬ በር ክፍት ስለነበረ ግን አንድም ቃል አላመለጣት። ከመደቡ ጫፍ ተቀምጣለች። መደቡ ላይ ትናንት አመሻሽ የገባው እንግዳዋ ተጋድሟል። አገጩን ከሻሿ በቀደደችው ጨርቅ አስራለታለች፣ ዓይኑን ከድናለታለች፣ የእግሩን አውራ ጣቶች እንደ ወጉ ገጥማ በክር አስራለች። ሲነጋ ሙቅ ውሃ ይዛ ልትቀሰቅሰው እጁን ብትነካው በርዶ ነው ያገኘችው። ማታ እግሩን ያጠበችበት ገበቴ ገና ውሃው ሳይደፋ ከወለሉ መሐል ተቀምጧል። በቤቱ ውስጥ ከዚያ ገበቴ፣ ከሁለት ማሰሮና ከአንድ ባዶ ጎተራ በቀር ዓይን የሚያርፍበት ነገር አልነበረም። የቀረውን ዕቃ ክረምቱ በልቶታል። መዘፍዘፊያው በሁለት ጣሳ ገብስ ሄደ፤ የባሏ ካባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በአራት ጣሳ ሄደ። ያን ጊዜ አንድ ጣሳ ገብስ ሦስት ብር ገብቶ ነበር። በሬ ደግሞ በስልሳ ብር ገዢ አጥቶ ከገበያ ይመለስ ነበር፤ ሣር የለማ፣ ምን ሊያበሉት ይገዙታል!

ጥሩሰው ጎንበስ ብሎ በበሩ አንገቱን አስገባ። «እቴ ብርቅዬ፣ ሬሳ የሚሰበስቡት ልጆች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። እስከዚያ ስሙንና አገሩን ካመጣሽ በወጉ ቅበሪው፤ ማንም አይከለክልሽም። ካላመጣሽ እንደ ሌላው ነው» አላት። «እንደ ሌላው» ያለውን አብራርቶ መንገር አላስፈለገውም። ከከተማው በታች፣ ከረሃብተኞቹ መጠለያ ጎን፣ ረጅም ቦይ ተቆፍሮ ነበር። ስም የሌለውን ሁሉ በጆንያ ጠቅልለው አምስቱን ስድስቱን ባንድ ላይ ያስገቡትና ካህንም ሼኽም ሳይደርስበት አፈር ይመልሱበታል። ጥሩሰው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ልጆቼ። በዚያ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ ይኸንኑ ቃል በየቤቱ ሲናገር ከርሞ ምላሱ ደርቆበት ነው።

የላሊበላን ወግ የማያውቅ ካላችሁ ልንገራችሁ። ገና ሲቀርብ ከየአገሩ በእግሩ የመጣውን ምዕመን የከተማው ሰው በየቤቱ ይቀበላል። እግሩን በሙቅ ውሃ ያጥባል፣ ይስማል፣ ያለውን ያቀርባል፣ መኝታ ይሰጣል። ስሙን ግን አይጠይቅም። ስም የሚጠየቀው ሲነጋ ነው፤ እንግዳው ቤቱን መርቆ ሊወጣ ሲል። አስቀድሞ መጠየቅ «የማን ልጅ ነህ፣ ትገባ እንደሆን ልይህ» እንደ ማለት ስለሚቆጠር ነውር ነው። ብርቅዬ ይኸን ወግ ከአባቷ ቤት ጀምሮ ይዛ ነው ያረጀችው። ትናንት ያ ሰው ከበሯ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲላት ከቤቷ የነበረው አንድ እፍኝ የባቄላ ንፍሮ ነው። እግሩን ይዛ ልትስም ስትል ወደ ኋላ ሰበሰበባት። «ኧረ ተዪ እቴ፣ ለእኔ አይገባም» አላት። እንግዳ ሁሉ እንዲህ ስለሚል ትሕትናው ነው ብላ ሳመችው። ከንፍሮው ሦስት አራት ፍሬ ቀምሶ ሳህኑን መለሰላትና «አብሽሪ፣ ጌታ ይስጥሽ» ብሎ ግድግዳውን ዞሮ ተኛ። ከዚያ በቀር የተናገረው የለም።

ግቢው ከአባታቸው የወረሱት ነው። ከግቢው ወዲያ ማዶ ያለው ድንጋይ ቤት የታናሽ ወንድሟ የመምሬ ደባሱ ነው። ብርቅዬ ያን ግቢ ለማቋረጥ ሃያ እርምጃ ይበቃታል፤ ካቋረጠችው ግን ስምንት ወር አልፏታል። ባለፈው ግንቦት ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሲመዘገብ የቀበሌው ሰዎች ስለ ልጇ ስለ ምናለ ዕድሜ ተጠራጠሩና ክርስትና ያነሱትን ካህን ጠየቁ። ክርስትና ያነሱት መምሬ ደባሱ ናቸው። «አሥራ ስምንት ሞልቶታል» አሉ። እውነት ነበር፤ ከሞላው ሁለት ሳምንቱ ነበር። አንድ ቃል ዝቅ ቢያደርጉለት ኖሮ ይቀር ነበር። ልጁ በመኪና ተጭኖ ሄደ፤ ደብዳቤም አልመጣ፣ ወሬም አልመጣ። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት ባንድ በር እየወጡ እየገቡ፣ ባንድ ምንጭ እየቀዱ፣ ሲገናኙ ራስ ነቅንቀው ይተላለፋሉ። አልተጣሉም፤ ክፉ ቃልም አልተለዋወጡም። እንዲያው ዝም ነው። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችውን ወንድም እንደ ሩቅ ካህን «እርስዎ» ማለት ጀመረች።

ያን ጠዋት ግቢውን አቋርጣ ስትገባ መምሬ ደባሱ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ነጭ ልብሳቸውን ያጣጥፋሉ። የገና ቅዳሴ ከሚቀድሱት አምስት ልዑካን አንዱ እሳቸው ናቸው። ካህኑ ብዙ ነውና ተራው በስንት ዓመት አንዴ ነው የሚደርስ። ዘንድሮ ደርሷቸው ከጥቅምት ጀምሮ ዜማውን በልባቸው ሲያኝኩ ከርመዋል።

«እንደምን አደሩ፣ መምሬ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን አደርሽ፣ ብርቄ።»

ብርቅዬ ከበሩ ሳትርቅ ቀጠለች። «እንግዳዬ ሞተብኝ።»

«ሰማሁ። ነፍስ ይማር።»

«ይፍቱልኝ።»

«በማን ስም?»

መምሬ ደባሱ ልብሱን ከጉልበታቸው አውርደው ወደ ጎን አኖሩት። «የክርስትና ስሙን አምጪልኝና ሌላ ካህን አትለምኚ፤ እኔው እፈታዋለሁ፣ እኔው እቀብረዋለሁ። ያለ ስም ግን ማንን ብዬ ላንሳ? እንዲያው ለመሆኑ ማተብ አለው?»

«አንገቱ ባዶ ነው።»

ወንድሟ ቀና ብለው አዩዋት። እሷም አስተያየታቸው ገባት። «ክር ያልቃል፣ መምሬ» አለች። «ሰው እያለቀ ክር ቢያልቅ ምን ይደንቃል።»

ከዚያ ወጣች። የነቢያት ጾም ነውና እህል አልቀመሰችም፤ ጾም ባይሆንም የምትቀምሰው አልነበራትም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ቁልቁል ወደ ይማርሽ ቤት ሄደች። ይማርሽ የታች ሰፈር ጎረቤቷ ናት፤ ከዚያው ሰው ጋር አብረው የመጡ አራት እንግዶች እሷ ዘንድ አርፈዋል። ብርቅዬ ስትደርስ ይማርሽ ከደጅ ቆማ የጎመን ሥር ትልጣለች። የጎመኑን ቅጠል ፍየል አልበላውም፤ ሰው ነው የጨረሰው።

«ወየው እቴ!» አለች ይማርሽ። «ሰው ሬሳ ይሸሻል፣ አንቺ ሬሳ ተቀብለሽ አሳደርሽ አሉ።»

«ሲገባማ በእግሩ ነው የገባ።»

«ስሙን ጠይቀሽው ቢሆን ምን ነበረበት? ወግ ወግ ትያለሽ፤ ወጉ እኮ ጎተራ ሲሞላ ነበር የሚያምር። እኔ ዘንድሮ ከደጅ ነው የጠየቅሁ፤ ስም፣ አገር፣ ስንት ቀን እንደሚቆዩ፣ ሁሉን። ደግሞ ምንም አልከፋቸውም።» ይኸን እያለች ከላጠችው ሥር ትልቁን መርጣ ለብርቅዬ ዘረጋችላት። ብርቅዬ ጾም ነኝ አለች። ይማርሽም «ይኸማ ፍስክ አይደል፣ ሞኝ» ብላ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችላት።

ከቤቱ ውስጥ እማሆይ አመተ ማርያም የሚባሉ አሮጊት መነኩሲት ነበሩ፤ ከዋድላ የመጡ። እግራቸው አብጦ መሬት ላይ ተዘርግቷል። የሰውየውን መሞት ሲሰሙ ማማተብ ጀምረው መሐል ላይ አለቀሱ። «እሱ እኮ ነው ጥቅሌን የተሸከመልኝ» አሉ። «ከጋሸና በታች ነው የተቀላቀለን። ዝምተኛ ነው። በጉዞ ላይ ሁላችንም ወንድሜ፣ እህቴ እንጂ ስም አንጠራራም። ማታ ለጸሎት ስንቆም ፈንጠር ብሎ ይሄዳል፤ እኔማ ሆዱን እያመመው መስሎኝ ዳማከሴ ሰጠሁት፤ ተቀብሎ አመሰገነኝ። ልጄን፣ እኔ ቀርቼ እሱ ሞተ?»

«የሚያውቀው ሰው አልነበረም?»

«አንዲት የኮን ሴት ነበረች፤ ወለላ የምትባል። ቀስ ብለው ሲያወጉ አይቻለሁ። እሷ ልጅ ስለያዘች ወደ መጠለያው ወረደች።»

ወደ መጠለያው የሚወርደው መንገድ ለጤነኛ ሰው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ብርቅዬ ግን ሁለት ጊዜ ተቀመጠች። ከላይ ሲያዩት ድንኳኑ ብዙ አይመስልም፤ ሲቀርቡ ነው ሰዉ ከድንኳኑ የሚበዛው። አንዱ በጆንያ፣ አንዱ በቆዳ፣ አንዱ በካርቶን ተጠቅልሎ ከመሬቱ ጋር አንድ ሆኗል። ሽታውን አልነግራችሁም። የሚገርመው ድምፅ ማጣቱ ነው፤ ያን ያህል ሕፃን ባለበት ለቅሶ የለም። ከመግቢያው ጠረጴዛ ላይ መዝገብ የያዘ አንድ ወጣት ነበር። ብርቅዬ «ወለላ የምትባል የኮን ሴት ፈልጌ ነው» ብትለው ቀና ሳይል «ቁጥሯ ስንት ነው?» አላት። «እኔ ስሟን እንጂ ቁጥሯን አላውቅም፣ ልጄ» አለችው። «እኔ ደግሞ ቁጥሩን እንጂ ስሙን አላውቅም፣ እናቴ። አራት ሺህ ሰው ነው» አላት። ድምፁ የብስጭት አልነበረም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነው።

ስለዚህ በድንኳኖቹ መካከል እየዞረች «ወለላ! የኮኗ ወለላ!» እያለች ተጣራች። በዚያ ዝምታ ውስጥ በስም የሚጣራ ሰው ድምፅ እንግዳ ሆኖባቸው ብዙዎች ቀና ቀና አሉ። ወለላ ከገንፎው ሰልፍ ላይ ነበረች፤ ልጅ አዝላ፣ ጣሳ ይዛ። ሰልፉን ትታ መውጣት ስለማትችል ብርቅዬ ከጎኗ ሆና እርምጃ በእርምጃ አብራት እየተጎተተች አወራቻት። ማታ የገባው እንግዳዬ አረፈ፣ እንዲህ ያለ ሰው፣ ረጅም፣ ጠይም፣ ጣቶቹ ቀጫጭን፣ ስትላት ወለላ ጣሳውን ከደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ሸዕባን ሞተ?» አለች በለሆሳስ።

«ሸዕባን?»

«ሸዕባን። የእኛ አገር ሸማኔ። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን በኅዳር ቀብሮ ብቻውን ቀረ።» ሰልፉ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ሁለቱም አብረው ሄዱ። «አትናገሪብኝ ብሎኝ ነበር። መጠለያ ለመግባት ልቡ እምቢ አለው፤ ሚስቱና ልጆቹ የሞቱበት ሌላ መጠለያ ውስጥ ነው። ‘የላሊበላ ሰው እግር አጥቦ ያስገባል፣ እስኪነጋ ድረስ ስም አይጠይቅም አሉ። አንዲት ሌሊት ከጣራ ሥር ልደር፤ ሲነጋ ስሜን ራሴ ነግሬ፣ ይቅር በሉኝ ብዬ እወጣለሁ’ አለኝ። ሊዋሽሽ አልነበረም፣ እቴ። ሊነግርሽ ነበር።»

ብርቅዬ ከሰልፉ ወጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እውነቱን እንናገር፣ ልጆቼ፤ መጀመሪያ የመጣባት ሐሳብ ደግ አልነበረም። መጀመሪያ የመጣባት የሳመችው እግር ነው። ቀጥሎ ይማርሽ ስትስቅ ታያት። ከዚያ ንዴት መጣ፤ ተታለልሁ የሚል ንዴት። ከንዴቱ ኋላ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ቀስ ብሎ ገባ። ወንድሟ ሸዕባንን አያውቁትም። እሷ ወደ ላይ ወጥታ «ስሙ ተገኘ፤ ወልደ ሩፋኤል ይባላል» ብትላቸው መስቀላቸውን ይዘው ይነሳሉ። ፍታቱ ይደርሳል፣ ሬሳው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ያርፋል፣ ጥሩሰውም ይሄዳል፣ ይማርሽም አፏን ትዘጋለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ይኸን ስታስብ ልቧን ሞቅ አለው፣ ያ ለልጇ አንዲት ቃል አልዋሽም ያለ አንደበት ሳያውቀው በእግዚአብሔር ፊት ውሸት ይጸልያል። ስምንት ወር ሙሉ የጠበቀችው ካሳ ከእጇ ላይ የወደቀ መሰላት። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ከሁለት ሰዓት ያልበለጠ ነው የቀረው።

ምን ያህል እንደተቀመጠች አላውቅም። ስትነሳ ግን ያን ሐሳብ ትታው ተነሳች። ኋላ ስትናገር እንደሰማኋት፣ የከለከላት ኃጢአትን መፍራት አልነበረም። የሰውየው ቤት ሄደ፣ ሚስቱ ሄደች፣ ልጆቹ ሄዱ፣ ሸማ የሚሠራበት ጉልበቱ ሄደ፤ የቀረችው ያቺ ስም ብቻ ናት። እኔ ደግሞ እሷን ልውሰድበት? አለች። ወለላን ጠይቃ ከመጠለያው ጥግ፣ ከአንዲት ግራር ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሼኽ አገኘች። ከእሳቸው ጋር ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም አጥንታቸው ከልብሳቸው ላይ ይቆጠራል። ሼኹ ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ ሁለቱን ሰዎች ዞረው አዩ።

«እህቴ፣ አጥበን እንከፍነዋለን፤ ሶላቱንም እንሰግድለታለን። ይኸ ግዴታችን ነው። ጉድጓድ የሚቆፍር ጉልበት ግን የለንም። ጨርቅም የለንም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ እዚህ ቁጥር ይጠራል፤ ያልተገኘ ሰው የማታውን ያጣል።»

«ጨርቁም ጉድጓዱም በእኔ» አለች ብርቅዬ። ከይማርሽ የተሰጣትን የጎመን ሥር ከነጠላዋ ፈትታ ለሦስቱ አካፈለቻቸው። ከዚያ ሽቅቡን ተያያዙት። ጤነኛ በግማሽ ሰዓት የሚወጣውን መንገድ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀባቸው። ሼኹ አምስት ጊዜ ተቀመጡ። በተቀመጡ ቁጥር «አብሽሩ፣ ደረስን» የሚሉት እሳቸው ናቸው። ወለላም ልጇን እንዳዘለች ከኋላ ተከትላ ነበር።

ሦስቱ ሰዎች ቤት ገብተው ሬሳውን ሲያጥቡ ብርቅዬ ውሃ አሙቃ ከበሩ አኖረችላቸውና ከባዶው ጎተራ ውስጥ ለገና አጥባ ያስቀመጠቻትን ነጠላ አወጣች። ሼኹ ጨርቁን ዳብሰው «ጥለቱን ቁረጪው፤ ነጩ ብቻ ነው የሚፈለግ» አሏት። በምላጭ ጥለቱን ከዳር እስከ ዳር ቀደደችው። ከዚያ ግቢውን አቋርጣ ወደ ወንድሟ ቤት ገባች። መምሬ ደባሱ መጽሐፋቸውን ገልጠው፣ መስቀላቸውን ከጎናቸው አድርገው ይጠብቋት ነበር።

«ስሙ ተገኘ» አለቻቸው።

«እሰይ። ማን ይባላል?»

በዚያች ቅጽበት ያ የተወችው ሐሳብ እንደገና ብልጭ እንዳለባት ነግራናለች። «ሸዕባን» አለች።

መምሬ ደባሱ መጽሐፉን ቀስ ብለው ዘጉት። ጨርቁን አለበሱት። «እንግዲያ የእኔ አይደለም» አሉ።

«አውቃለሁ። ፍታት አልጠየቅሁዎትም። ዶማዎን ያውሱኝ።»

«ማን ሊቆፍር?»

«እኔ።»

«ከነገ ወዲያ እኮ ገና ነው፣ ብርቄ። ሰው ምን ይላል?»

«መምሬ፣ እንግዳ ተቀበይ ብላችሁ ያስተማራችሁኝ አባታችንና እርስዎ ናችሁ። የማን እንግዳ እንደሆነ ግን አላስተማራችሁኝም።»

እሳቸውም ዶማው ከበሩ ኋላ እንደሆነ በአገጫቸው አሳዩአት። ይዛ ወጣች። ከሰፈሩ በታች ወይራ ያለበት ተዳፋት አለ፤ ድሮ መንገድ ላይ የሞቱ እስላም ነጋዴዎች የተቀበሩበት ነው። እዚያ ሄዳ መቆፈር ጀመረች። የላሊበላን መሬት ታውቁት የለ፤ አንድ ክንድ አፈር፣ ከዚያ አለት። አሥር ጊዜ መታች፤ ዶማው አሥሩንም ጊዜ እየነጠረ ተመለሰባት። አሥራ አንደኛውን ልትመታ ስታነሳ ከኋላዋ እጅ መጣና ዶማውን ያዘው። መምሬ ደባሱ ናቸው። ጥምጥማቸውን ፈትተው ወይራው ላይ አኑረዋል፤ ድጅኖ ይዘው መጥተዋል። ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ።

ይማርሽ ከደጇ ቆማ ታያቸው ነበር፤ ሌሎችም ቆሙ። ጥሩሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሬሳ ተሸካሚዎቹን አስከትሎ መጣና ነገሩን ሲሰማ «ለእስላም እግር አጥባ፣ ካህን ጉድጓድ አስቆፈረች! ይቺ ሴት አብዮቱን ቀደመችው እኮ» ብሎ ሳቀ። ብርቅዬ «ሸዕባን ይባላል፤ አገሩ ኮን ነው። ጻፈው» አለችው። መዝገቡን አውጥቶ ጻፈ። ሊሄድ ብሎ ተመለሰና ቃሬዛውን አውርዶ ሰጣት። «እስከ አሥራ አንድ መልሽልኝ። ከታች ሰፈር ሁለት አሉብኝ» አላት።

መምሬ ደባሱ የመጽሐፍ ሰው እንጂ የዶማ ሰው አልነበሩም። ጉድጓዱ እስከ ጉልበታቸው እንደደረሰ የቀኝ መዳፋቸው ተላጠና ደሙ በድጅኖው ላይ ወረደ። ብርቅዬ አየችው። ይኸ ለሌላ ሰው ቀላል ነው፤ ለቀዳሽ ግን ቀላል አይደለም። ከሰውነቱ ደም የፈሰሰው ካህን ቁስሉ እስኪደርቅ መቅደስ ገብቶ አይቀድስም።

«መምሬ፣ እጅዎ…»

«አይቼዋለሁ» አሉና መቆፈራቸውን ቀጠሉ። ጥቂት ቆይተው፣ ከጉድጓዱ ሳይወጡ፣ ፊታቸውንም ወደ እሷ ሳያዞሩ «ያን ቀን የልጁን ዕድሜ ጠየቁኝ» አሉ። «ልዋሽላት ብዬ አፌን ከፈትሁ፣ ብርቄ። አልሆነልኝም።»

ብርቅዬ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ አፈሩን በእጇ እየገፋች ነበር። «እኔም ዛሬ አልሆነልኝም» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቋት፤ እሷም አልነገረቻቸው።

ሸዕባንን አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ቀበሩት። ሼኹ ከፊት ቆመው፣ ሁለቱ ሰዎች ከኋላ ሆነው ሰገዱበት። የሼኹ ድምፅ ከወይራው አላለፈም። መምሬ ደባሱ ፈንጠር ብለው፣ እጃቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ ጠቅልለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ብርቅዬና ወለላ ከእሳቸው በታች ናቸው። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሼኹ ዞር ብለው ዓይናቸውን በቆሙት ላይ አዞሩ። ከደጃቸው ሆነው የሚያዩትም ነበሩ፤ አልቀረቡም።

«የሟቹ ቤተሰብ ማን ነው?» አሉ ሼኹ። «ማንን እናጽና?»

ወለላ አንገቷን ደፋች፤ የአገሩ ልጅ እንጂ ዘመዱ አይደለችም። ነፋሱ የወይራውን ቅጠል ሲያንኳኳው ይሰማል። ብርቅዬ አፈሩን ከእጇ ላይ አራገፈች።

«እኛ ነን» አሉ መምሬ ደባሱ።

ሦስቱ ሰዎች አንድ በአንድ መጡ። ሼኹ የመምሬ ደባሱን የተጠቀለለ እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» አሏቸው። መምሬ ደባሱም «አሜን» አሉ። ወደ ብርቅዬም መጥተው እንዲሁ አሏት። እሷም ወንድሟ እንደሞተባት ሴት ጎንበስ ብላ ተቀበለች። ከዚያ መቆየት አልቻሉም። ከታች ቁጥር ሊጠራ ነውና ቃሬዛውን ለጥሩሰው አድርሰው፣ እየተደጋገፉ፣ የቻሉትን ያህል እየፈጠኑ ቁልቁል ወረዱ። ወለላም ልጇን አስተካክላ አዝላ ተከተለቻቸው። ቀባሪ ሲበተን ከመቃብሩ አጠገብ የሚቀረው ሐዘንተኛው ነውና፣ ወንድምና እህት ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጠው ቀሩ።